ቪኤም ውስጥ ኮንቴነር አልሠራ ሲል ከየት ትጀምራላችሁ?

ቨርቹዋል ማሽን (ቪኤም፣ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ውስጥ ዶከር የሚባለውን የኮንቴነር ማስሮጫ ጫናችሁ፣ የመጀመሪያዋን ትእዛዝ ጻፋችሁ፣ ከዚያ የስህተት መዓት ስክሪኑ ላይ ተዘረገፈ እንበል። አብዛኛው ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ይታወቃል። ዶከርን ያጠፋና እንደገና ይጭናል። አሁንም እምቢ ካለ ቪኤሙን ራሱን ደምስሶ ከዜሮ ይጀምራል። እባካችሁ ቆዩ። እንዲህ ስታደርጉ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ ምን እንደነበር አታውቁትም፣ ስለዚህ ተመልሶ ሲመጣ ያው ከዜሮ መጀመር ነው።

ኮንቴነር ቪኤም ውስጥ ሲሮጥ አምስት ነገር ተደራርቧል። ከታች ፕሮሰሰሩ አለ። በላዩ ላይ ቪኤሙን የሚያስነሳው ሃይፐርቫይዘር፣ ማለትም ቨርቹዋልቦክስ ወይ ቪኤምዌር ወይ ሃይፐር-ቪ ወይ ኬቪኤም። ከዚያ የቪኤሙ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት)፣ ከዚያ የዶከር ዴመን (ከበስተጀርባ ሆኖ ኮንቴነሮችን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም)፣ መጨረሻ ላይ ኢሜጁ (ኮንቴነሩ የሚነሳበት ጥቅል) እና ኮንቴነሩ። ጥገናው ይደርሳል፣ መጀመሪያ የቱ ደርብ ላይ እንደተሰበረ ለዩ። እሱን ካገኛችሁ ብዙ ጊዜ መፍትሔው አንድ መስመር ነው።

ሁለት ነገር ልበልና እንግባ። ሆስት ስል ቪኤሙን የተሸከመውን ዋናውን ኮምፒውተር ማለቴ ነው። ትእዛዞቹን ደግሞ ሲነበቡ እንደሚሰሙት ነው የምጽፋቸው፣ ተርሚናል ላይ ስትጽፏቸው በላቲን ፊደል ነው።

ባዮስ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት

ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ነው። «ኮንቴነር ቪኤም ውስጥ እንዲሠራ ኔስትድ ቨርቹዋላይዜሽን መክፈት አለብኝ» ብሎ ያምንና (ቪኤም ውስጥ ሌላ ቪኤም ማስነሳት ማለት ነው) ግማሽ ቀን ባዮስ፣ የኮምፒውተሩ መነሻ ሴቲንግ፣ ውስጥ ይዞራል። ቪኤማችሁ ሊኑክስ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። ኮንቴነር የራሱ ከርነል የለውም። ተራ ፕሮሰስ ነው፣ የቪኤሙ ከርነል በኔምስፔስ ከሌሎቹ ለይቶ፣ በሲግሩፕ ደግሞ ሚሞሪና ፕሮሰሰር መጥኖ የሚያስሮጠው ፕሮሰስ። የፕሮሰሰሩን ቨርቹዋላይዜሽን አይነካውም።

የሚያስፈልገው ቪኤሙ ውስጥ ሌላ ቪኤም ሲነሳ ብቻ ነው። ዋነኛው ምሳሌ ዊንዶውስ ቪኤም ውስጥ ዶከር ዴስክቶፕ መጫን ነው። ዶከር ዴስክቶፕ የሊኑክስ ኮንቴነር ለማስሮጥ ከበስተጀርባ በደብሊውኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስሮጠው የማይክሮሶፍት መሣሪያ) ወይም በሃይፐር-ቪ የራሱን ትንሽ ሊኑክስ ቪኤም ያነሳል፣ ስለዚህ ቪኤም በቪኤም ውስጥ ሆነ ማለት ነው። ሚኒኩብን (ኩበርኔትስን በአንድ ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳውን መሣሪያ) በቪኤም ድራይቨር ስታስነሱም፣ የአንድሮይድ ኢሙሌተር ስትከፍቱም እንደዚያው። የእኔ ምክር፦ ዊንዶውስ ቪኤም ውስጥ ዶከር ዴስክቶፕ የግድ ካልሆነባችሁ ተዉት። ጎን ለጎን አንድ ሊኑክስ ቪኤም አንሱና ዶከሩን እሱ ላይ ጫኑት፣ ብዙ ራስ ምታት ትገላገላላችሁ።

የግድ ከሆነ ግን እንዲህ ነው። ባዮስ ውስጥ ኢንቴል ከሆነ ቪቲ-ኤክስ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤስቪኤም የሚለው መከፈት አለበት። ከዚያ ሃይፐርቫይዘሩ ያንን ችሎታ ለቪኤሙ ማሳለፍ አለበት። ቨርቹዋልቦክስ ይህን ለኤኤምዲ የጀመረው በ6.0፣ ለኢንቴል በ6.1 ነው፣ ከዚያ በታች ያለ ስሪት ይዛችሁ አትልፉ። ቪኤምዌር ላይ የፕሮሰሰር ሴቲንግ ውስጥ ምልክት የምታደርጉባት ሳጥን አለች። ሃይፐር-ቪ ላይ ቪኤሙን ዘግታችሁ፣ ሆስቱ ላይ በፓወርሼል «ሴት-ቪኤምፕሮሰሰር» በሚለው ትእዛዝ «ኤክስፖዝ-ቨርቹዋላይዜሽን-ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ትሩ ታደርጉታላችሁ። ቪኤሙ እየሠራ ከሆነ አይቀበላችሁም። የአፕል ቺፕ ያለው ማክ ላይ ከሆናችሁ ኔስትድ የሚሠራው ከኤም3 ጀምሮ፣ ማክኦኤስ 15 ላይ ነው። ኤም1 እና ኤም2 ያላችሁ አትድከሙ።

ማለፉን ለማየት ሊኑክስ ቪኤም ውስጥ ገብታችሁ «ኤልኤስሲፒዩ» በሉ። «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚል መስመር ቪቲ-ኤክስ ወይም ኤኤምዲ-ቪ ይዞ ከመጣ አልፏል። መስመሩ ከሌለ አላለፈም።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን። ሆስታችሁ ዊንዶውስ ሆኖ ቨርቹዋልቦክስ ቪኤም ስትከፍቱ ከታች ጥግ ላይ አረንጓዴ ኤሊ ካያችሁ፣ ፕሮሰሰሩን ሃይፐር-ቪ ይዞታል ማለት ነው። ቨርቹዋልቦክስ በእሱ በኩል ነው የሚሠራው፣ እና እንደ ኤሊዋ ነው የሚሄደው። ሆስቱ ላይ ደብሊውኤስኤል 2 ከምትጠቀሙ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ሁለቱንም በሙሉ ፍጥነት ማግኘት ስለማይቻል አንዱን ምረጡ።

ቪኤማችሁ ተከራይታችሁት ከሆነ ደግሞ እውነት ቪኤም መሆኑን አረጋግጡ። «ሲስተምዲ-ዲቴክት-ቨርት» በሉ። ኬቪኤም፣ ቪኤምዌር፣ ኦራክል፣ ማይክሮሶፍት የሚል መልስ ከመጣ ደህና ነው። ኦፕንቪዜድ ወይም ኤልኤክስሲ ካለ ግን ቪኤም ተብሎ የተሰጣችሁ ነገር ራሱ ኮንቴነር ነው። ከርነሉ የእናንተ አይደለም፣ ሞጁል መጫን አትችሉም፣ ዶከሩ የሚሠራውም ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ ነው። እሱን ከውስጥ ሆናችሁ አታስተካክሉትም።

ዴመኑ አለ ወይ?

ከርነሉ ደህና ነው ብለን እንቀጥል። የራሳችሁን ኢሜጅ ለጊዜው እርሱትና «ዶከር ረን ሄሎ-ወርልድ» በሉ። እሱ ከሠራ ዴመኑም ከርነሉም ደህና ናቸው፣ ኢሜጅ ማውረድም ይቻላል፣ ችግራችሁ ከላይ ነው። ዘልላችሁ ወደ ኔትወርኩ ወይም ወደ ፎልደሩ ሂዱ።

ካልሠራ በጣም የተለመደው «ከዶከር ዴመን ጋር መገናኘት አልቻልኩም» የሚለው መልእክት ነው። ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

አንደኛው ዴመኑ ቆሟል። «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ዶከር» ብላችሁ እዩ። ቀይ ከሆነ «ጆርናልሲቲኤል -ዩ ዶከር» በሉና ከመጨረሻው መስመር ወደ ላይ አንብቡ። ከላይ ወደ ታች አታንብቡት፣ አብዛኛው ወሬ ነው። ዴመኑ አልነሳም ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው «ዴመን ዶት ጄሰን» የሚባለው የዴመኑ ሴቲንግ ፋይል ነው፦ አንዲት የተረሳች ኮማ ትበቃለች። ሌላው የሚያሳብደው ደግሞ እዚያ ፋይል ውስጥ «ሆስትስ» የሚል ስትጨምሩ ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ የሲስተምዲ ፋይሉ ራሱ አድራሻውን በትእዛዝ መስመር ስለሚሰጥ፣ ሁለቱ ይጋጩና ዴመኑ ጭራሽ አይነሳም።

ሁለተኛው ዴመኑ አለ፣ እናንተ ግን ፈቃድ የላችሁም። ያኔ መልእክቱ ውስጥ «ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚል አለ። ራሳችሁን «ዶከር» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገቡ፣ ከዚያ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። አብዛኛው ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ይረሳትና «ጨምሬዋለሁ ግን አልሠራም» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ «ሶኬቱን 777 አድርገው»፣ ማለትም ዴመኑን የምናናግርበትን ፋይል ለሁሉም ክፈተው፣ የሚል ምክር አይጠፋም፤ አታድርጉት። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ቪኤሙ ላይ ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው ተጠቃሚ) እንደሆነ ቁጠሩት፣ ሶኬቱን ለሁሉም መክፈት ማለት ቪኤሙን ለማንኛውም ፕሮሰስ አሳልፎ መስጠት ነው።

ሦስተኛው በጣም የሚያናድደው ነው። ዴመኑ አለ፣ ፈቃድም አላችሁ፣ ትእዛዛችሁ ግን የሚያናግረው ሌላ ዴመን ነው። «ዶከር ኮንቴክስት ኤልኤስ» በሉና ኮከብ ያለበት የቱ እንደሆነ እዩ። «ዶከር ሆስት» የሚል ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ከድሮ ፕሮጀክት ባሽአርሲ ፋይላችሁ ውስጥ ቀርቶም ይሆናል። ኡቡንቱ ላይ ዶከርን በሁለቱ የፕሮግራም መጫኛዎች፣ አንዴ በስናፕ አንዴ በአፕት፣ ከጫናችሁ ደግሞ ሁለት ዴመን ነው ያላችሁ፣ በአንዱ ያወረዳችሁትን ኢሜጅ በሌላው አታገኙትም። የስናፑን አጥፉት። የስናፑ ዶከር ከሆም ፎልደር ውጭ ያሉ ፋይሎችን ማየትም ይከለከላል፣ እሱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

በዶከር ፋንታ ፖድማን የሚባለውን የኮንቴነር መሣሪያ የምትጠቀሙ ዴመን ስለሌለው ይሄን ሁሉ ትዘሉታላችሁ። የእናንተ ችግር ከመጣ የሚመጣው ያለ ሩት ስታስሮጡት «ሰብዩአይዲ» ፋይል ውስጥ የተጠቃሚያችሁ መስመር ሲጠፋ፣ ወይም ከ1024 በታች ያለ ፖርት ስትጠይቁ ነው።

አሮጌ ከርነል፣ አሮጌ ዶከር

«ዩኔም -አር» የሚሮጠውን ከርነል ይነግራችኋል። ከርነሉን አዘምናችሁ ቪኤሙን ሪስታርት ካላደረጋችሁ፣ በተለይ አርች ሊኑክስ ላይ፣ የሚሮጠው ከርነል ሞጁሎች (ተጨማሪ ክፍሎቹ) ከዲስክ ላይ ጠፍተዋል፣ ስለዚህ «ኦቨርሌይ» ወይም «ብሪጅ» የሚለውን ሞጁል መጫን አልቻልኩም ይላችኋል። ሪስታርት ብቻ ነው መድኃኒቱ። ከመጠርጠር ለመዳን የሞቢ ፕሮጀክት (የዶከር ክፍት ኮድ ያለበት) «ቼክ-ኮንፊግ» የሚባል ስክሪፕት አለው፣ ከርነላችሁ ውስጥ የትኛው ችሎታ እንደጎደለ አንድ በአንድ ይዘረዝራል።

ሲግሩፕ ሁለት ስሪት አለው። ፌዶራ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2019 በስሪት 31 ወደ ሁለተኛው ዞረች፣ ዶከር ግን የተቀበለው በ2020 መጨረሻ በ20.10 ነው። አዲስ ሊኑክስ ላይ ከድሮ ሰነድ ቀድታችሁ አሮጌ ዶከር ከጫናችሁ ኮንቴነሩ ሊነሳ ሲል ስለ ሲግሩፕ እያጉረመረመ ይወድቃል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ወደ ኋላ ከመመለስ ዶከሩን አዘምኑ።

ተገላቢጦሹም አለ፣ እሱ የበለጠ ግራ ያጋባል። ቪኤሙ የቆየ ነው፣ ዶከሩም ከ20.10.10 በታች ነው፣ እናንተ ግን የኡቡንቱ 22.04 ኢሜጅ ታወርዳላችሁ። ኮንቴነሩ ይነሳል። ውስጡ ገብታችሁ «አፕት አፕዴት» ስትሉ ከኔትወርክም ከፊርማም ጋር የተያያዘ የሚመስል እንግዳ ስህተት ይመጣል። እውነተኛው ምክንያት አዲሱ ጂሊብሲ (የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ) «ክሎን3» የሚባል ሲስተም ኮል፣ ማለትም ለከርነሉ የሚቀርብ ጥያቄ፣ ይጠቀማል፣ የአሮጌው ዶከር ሴክኮምፕ ማጣሪያ ደግሞ አያውቀውምና ይከለክለዋል። ለሙከራ ያህል ሴክኮምፑን አጥፍታችሁ ኮንቴነሩን አንሱት፤ ከሠራ ምክንያቱ ይሄው ነው። ከዚያ ማጣሪያውን መልሱና ዶከሩን አዘምኑ።

ዲስክ ሞልቷል ሲላችሁ

ቪኤም ስንፈጥር 20 ወይም 25 ጊጋ እንሰጠውና እንረሳዋለን። ኢሜጅ ሲደራረብ ያ ምንም አይደለም። መልእክቱ ሁልጊዜ «ቦታ የለም» አይልም። አንዳንዴ ዳታቤዝ ያለምንም ምክንያት ይዘጋል፣ አንዳንዴ ቢልድ መሃል ላይ ይቋረጣል።

መጀመሪያ «ዲኤፍ -ኤች»። ቦታ ካለ ደግሞ «ዲኤፍ -አይ»፤ ይሄ አይኖድን፣ ማለትም ፋይል ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚይዘውን መዝገብ፣ ያሳያል። በጊጋ የተረፈ ቦታ እያለ አይኖድ ሊያልቅ ይችላል፣ በተለይ ኖድ ሞጁልስ የሚባለው የትናንሽ ፋይሎች ጫካ ያለበት ፕሮጀክት ላይ። ከዚያ «ዶከር ሲስተም ዲኤፍ» ኢሜጁ፣ ኮንቴነሩ፣ ቮልዩሙ (ከኮንቴነሩ ውጭ የሚቀመጥ ዳታ) እና የቢልድ ካሹ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደያዙ ይነግራችኋል። ካሹ አብዛኛውን ይዞት ብታገኙት አይግረማችሁ። «ዶከር ቢልደር ፕሩን» ያጸዳዋል። «ዶከር ሲስተም ፕሩን» ሰፋ አድርጎ ያጸዳል፣ ግን «--ቮልዩምስ» የምትለዋን ጨምራችሁ ከመጫናችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። ኮንቴነሩ የጠፋ ዳታቤዝ ዳታው ቮልዩም ውስጥ ከሆነ ማንም የማይጠቀምበት ተብሎ ሊጠረግ ይችላል።

ሌላው ዝምተኛ በላተኛ ሎግ ነው። ዶከር መጀመሪያ እንደተጫነ የኮንቴነሩን ሎግ በጄሰን ፋይል ነው የሚያስቀምጠው፣ መጠኑም ገደብ የለውም። ብዙ የሚያወራ ሰርቪስ ለሳምንታት ከቆየ አንድ ፋይል ብቻውን ብዙ ጊጋ ይሆናል። «ዴመን ዶት ጄሰን» ውስጥ «ማክስ-ሳይዝ» አስቀምጡ፣ አስር ሜጋ ለልማት ይበቃል። የድሮዎቹ ኮንቴነሮች ግን እንደገና ካልተፈጠሩ አዲሱን ገደብ አይወስዱም።

አሁን ደግሞ ዲስኩን ማሳደግ። ሃይፐርቫይዘሩ ላይ 25ቱን 60 አደረጋችሁ እንበል። ቪኤሙ ውስጥ ገብታችሁ «ዲኤፍ» ስትሉ አሁንም 25 ነው። ለምን? ያሳደጋችሁት ሳጥኑን ነው፣ ውስጡ ያሉት ክፍሎች አልተነኩም። «ኤልኤስቢኤልኬ» ብትሉ ዲስኩ 60፣ ፓርቲሽኑ 25 ሆኖ ታዩታላችሁ። «ግሮውፓርት» ፓርቲሽኑን ያሳድጋል። ኤልቪኤም (ሊኑክስ ዲስክን በቀላሉ እንዲከፋፍል የሚያደርግ ሥርዓት) ካላችሁ ቀጥሎ «ፒቪሪሳይዝ»፣ ከዚያ «ኤልቪኤክስቴንድ» ከ«-አር» ጋር፤ «-አር» ፋይል ሲስተሙንም አብራ ታሳድጋለች። ኤልቪኤም ከሌለ ኢኤክስቲ4 ላይ «ሪሳይዝ2ኤፍኤስ»፣ ኤክስኤፍኤስ ላይ «ኤክስኤፍኤስ ግሮውኤፍኤስ»። ከመጀመራችሁ በፊት ስናፕሾት ከነበራችሁ ቨርቹዋልቦክስ ላይ መጠን መቀየሩ ያጣላችኋል፣ ስናፕሾቱን አጥፍታችሁ፣ ባካፕ ደግሞ በሌላ መንገድ ይዛችሁ ጀምሩ።

የኡቡንቱ ሰርቨር ተጠቃሚዎች ምናልባት ዲስክ ማሳደግም አያስፈልጋችሁም። ኢንስቶለሩ ኤልቪኤም ሲጠቀም ያላችሁን ቦታ በሙሉ ለሩት አይሰጥም፣ ደህና የሚባል ክፍል ሳይመደብ ይተወዋል። «ቪጂኤስ» በሉና ነጻ ቦታ ካያችሁ በአንድ «ኤልቪኤክስቴንድ» ትገላገላላችሁ።

ደብሊውኤስኤል 2 ላይ ችግሩ በተቃራኒው ነው፦ የዲስክ ፋይሉ ያድጋል እንጂ ውስጡን ስታጸዱ በራሱ አያንስም። ዊንዶውሱ «ሞላሁ» ሲል «ደብሊውኤስኤል --ሸትዳውን» ብላችሁ፣ የዲስክ ፋይሉን በ«ዲስክፓርት» ኮምፓክት ማድረግ ነው።

ሚሞሪን በአጭሩ። ኮንቴነሩ በ137 ኮድ ከወጣ ሲግኪል ተልኮለታል ማለት ነው፣ 128 ሲደመር 9። ብዙውን ጊዜ ላኪው ከርነሉ ነው፣ ራም ስላለቀ። «ዲሜሴጅ» ውስጥ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል ፈልጉ። ካገኛችሁ ለቪኤሙ ራም ጨምሩ ወይም ለኮንቴነሩ የሰጣችሁትን ገደብ ከፍ አድርጉ። ደብሊውኤስኤል 2 ላይ ገደቡ ያለው «ደብሊውኤስኤልኮንፊግ» ፋይል ውስጥ ነው።

ኮንቴነሩ ተነስቷል፣ ብራውዘሩ ግን አይከፍተውም

እዚህ ጋ መገመት ትታችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ በ«ከርል» ሞክሩ። መጀመሪያ ኮንቴነሩ ውስጥ ገብታችሁ፣ ቀጥሎ ከቪኤሙ፣ በመጨረሻ ከሆስቱ። የት ጋ እንደተቋረጠ ስታዩ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ኮንቴነሩ ውስጥ ሠርቶ ከቪኤሙ ካልሠራ፣ አፕሊኬሽኑ የሚያዳምጠው 127.0.0.1 ላይ ነው ወይም ፖርቱን በ«-ፒ» አላወጣችሁትም። ኮንቴነሩ ውስጥ ያለ 127.0.0.1 የኮንቴነሩ የራሱ ነው፣ ከውጭ ማንም አይደርስበትም። የልማት ሰርቨሮች አብዛኞቹ ካልነገራችኋቸው እዚያው ላይ ነው የሚቀመጡት። 0.0.0.0 ላይ አድርጉት።

ከቪኤሙ ሠርቶ ከሆስቱ ካልሠራ የዶከር ችግር አይደለም፣ የሃይፐርቫይዘሩ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ቪኤሙን ናት ላይ፣ ማለትም ለብቻው በተከለለ የግል ኔትወርክ ውስጥ፣ ነው የሚያስቀምጠው፣ አድራሻውም ብዙ ጊዜ 10.0.2.15 ነው፣ ሆስቱ ደግሞ ያንን አድራሻ አያውቀውም። ወይ ሴቲንግ ውስጥ ፖርት ፎርዋርዲንግ ጨምሩ፣ ወይ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ በሆስት-ኦንሊ (ሆስቱና ቪኤሙ ብቻ በሚገናኙበት ኔትወርክ) ስጡት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለእያንዳንዱ ፖርት መስመር ከመጨመር አንድ ቋሚ አድራሻ ይሻላል።

ፋየርዎል ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ዩኤፍደብሊው (የኡቡንቱ ፋየርዎል) ፖርቱን ዘግቶታል ብላችሁ አትተማመኑ። ዶከር ያወጣችሁትን ፖርት የራሱን አይፒቴብልስ ሕግ ጽፎ ስለሚያሳልፍ ዩኤፍደብሊው አያየውም። ቪኤማችሁ ብሪጅድ ሆኖ የቢሮ ኔትወርክ ላይ ከተቀመጠ የሙከራ ዳታቤዛችሁን ጎረቤት ሁሉ ያየዋል። ለራሳችሁ ብቻ ከሆነ ፖርቱን ስታወጡ ፊቱ ላይ 127.0.0.1 ጨምሩበት።

ቪፒኤን ስትከፍቱ ኮንቴነሩ ወይም የቢሮው ሰርቨር ከጠፋባችሁ አድራሻ ተጋጭቷል። ዶከር ለራሱ 172.17.0.0/16 ይይዛል፣ ኮምፖዝ (ብዙ ኮንቴነር አንድ ላይ የሚያነሳው የዶከር መሣሪያ) አዲስ ኔትወርክ በፈጠረ ቁጥር ደግሞ 172.18፣ 172.19 እያለ ይቀጥላል። ብዙ ድርጅቶችም ያንኑ ክልል ይጠቀማሉ። «ዴመን ዶት ጄሰን» ውስጥ «ቢአይፒ»ን እና «ዲፎልት-አድረስ-ፑልስ»ን ነጻ ወደሆነ ክልል ቀይሩና ዴመኑን ሪስታርት አድርጉ። ቀድመው የተፈጠሩት የኮምፖዝ ኔትወርኮች በቦታቸው ስለሚቀሩ አጥፍታችሁ መፍጠር አለባችሁ።

ስም አልተገኘም የሚል ከሆነ ችግሩ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው። ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ ቪኤሙ ላይ 127.0.0.53 ላይ ይቀመጣል፣ ያ አድራሻ ኮንቴነር ውስጥ ትርጉም የለውም። ዶከር የሎካል አድራሻ ብቻ ካገኘ ወደ 8.8.8.8 ሊዞር ይችላል፣ የድርጅቱ ኔትወርክ ደግሞ እሱን ከዘጋ አለቀ። የድርጅቱን ዲኤንኤስ አድራሻ «ዴመን ዶት ጄሰን» ውስጥ በግልጽ ጻፉት።

አሁን ሰውን በጣም የሚያደክመው። ፒንግ ይሠራል። ስም ይገኛል። ትንሽ ገጽ ይከፈታል። ኢሜጅ ውስጥ ፓኬጅ ማውረድ ስትጀምሩ ግን ዝም ይላል፣ ስህተት እንኳ አይሰጥም፣ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይሄ ኤምቲዩ፣ ማለትም ለአንድ ፓኬት የሚፈቀደው ትልቁ መጠን፣ ነው። የዶከሩ ብሪጅ 1500 ባይት ፓኬት ይልካል፣ ከቪኤሙ የሚወጣው መንገድ ግን፣ ቪፒኤን ስላለ ወይም የክላውድ ኔትወርክ ስለሆነ፣ 1450 ወይም ከዚያ በታች ነው የሚያሳልፈው። ትንንሾቹ ያልፋሉ፣ ትልልቆቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። «አይፒ ሊንክ» በሉና የቪኤሙን ካርድ ኤምቲዩ ከ«ዶከር0» ኤምቲዩ ጋር አስተያዩ። ቪፒኤን ከሆነ በፒንግ ለኩት፦ «ፒንግ -ኤም ዱ -ኤስ 1472»። 1472 ላይ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመር 1500 ይሆናል። ካላለፈ ቁጥሩን እየቀነሳችሁ እስኪያልፍ ሞክሩ፣ ባለፈው ላይ 28 ስትጨምሩ ትክክለኛው ኤምቲዩ እሱ ነው። «ዴመን ዶት ጄሰን» ውስጥ «ኤምቲዩ» ብላችሁ አስገቡት።

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ያ ሴቲንግ የሚሠራው ለዋናው ብሪጅ ብቻ ነው። ኮምፖዝ የሚፈጥራቸው ኔትወርኮች አይወርሱትም። ስለዚህ «ዶከር ረን» ይሠራል፣ «ዶከር ኮምፖዝ አፕ» ይንጠለጠላል። ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ኔትወርኩ ስር በ«ድራይቨር ኦፕትስ» ለብቻው ጻፉት።

ፕሮክሲ ካላችሁ ደግሞ ተርሚናል ላይ ኤክስፖርት ያደረጋችሁት ለዴመኑ አይደርሰውም። ኢሜጁን የሚያወርደው ዴመኑ እንጂ የእናንተ ሼል አይደለም። በሲስተምዲ ድሮፕ-ኢን ፋይል ስጡት፣ ከዚያ «ዴመን-ሪሎድ» እና ሪስታርት።

ከሆስቱ ጋር የተጋራ ፎልደር

ኮዱን ሆስቱ ላይ እየጻፋችሁ ኮንቴነሩ ቪኤሙ ውስጥ በተጋራ ፎልደር በኩል ሲያነበው ሦስት ነገር ይበላሻል። ፋይል ስትቀይሩ ሰርቨሩ ራሱን አያድስም፣ ምክንያቱም የቨርቹዋልቦክስ የተጋራ ፎልደር ሆስቱ ላይ የተደረገ ለውጥ ሲኖር ለቪኤሙ ከርነል አይኖቲፋይ የሚባለውን የለውጥ ማሳወቂያ አይልክም። የምትጠቀሙት መሣሪያ «ፖሊንግ» (ፋይሎቹን በየጊዜው ራሱ መፈተሽ) ካለው እሱን ክፈቱለት፣ ፕሮሰሰር ይበላል ግን ይሠራል። ፈቃድም ይጋጫል፦ ፎልደሩ የአንድ ተጠቃሚ ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ኮንቴነሩ በሌላ ቁጥር ይሮጣል፣ «ቾውን» ብትሉም ዝም ብሎ ያያችኋል። ሦስተኛው ዳታቤዝ ነው። ፖስትግሬስን ወይም ማይኤስኪውኤልን የተጋራ ፎልደር ላይ አታስቀምጡ፣ የፋይል መቆለፊያና ፈቃዱ ያጣላቸዋል። ኔምድ ቮልዩም ስጧቸው።

ከሁሉም የሚሻለው ኮዱን ቪኤሙ ውስጥ አስቀምጦ ኤዲተሩን በኤስኤስኤች ማገናኘት ነው። ደብሊውኤስኤል 2 ላይም «ኤምኤንቲ ሲ» ስር ከመሥራት የሊኑክሱ ሆም ፎልደር ውስጥ አድርጉት፣ የፍጥነቱ ልዩነት ዓይን ያወጣ ነው።

ከዊንዶውስ የመጣ ስክሪፕት ደግሞ አንድ የታወቀ ተንኮል አለው። ኮንቴነሩ ሲነሳ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። ፋይሉ ቁልጭ ብሎ አለ! ችግሩ የመስመር መጨረሻው ነው። የመጀመሪያው መስመር ጫፍ ላይ የማይታይ የዊንዶውስ ምልክት ስላለ ሊኑክስ የሚፈልገው ያ ምልክት የተጣበቀበትን ሼል ነው፣ እሱ ደግሞ የለም። «ዶስ2ዩኒክስ» ያጸዳዋል፣ እንዳይመለስ ደግሞ «ጊትአትሪቢዩትስ» ውስጥ የሼል ስክሪፕቶች ሁልጊዜ በኤልኤፍ፣ በሊኑክሱ የመስመር መጨረሻ፣ እንዲሆኑ ጻፉ።

«ኤክዜክ ፎርማት ኤረር» ካያችሁ ሌላ ነው፤ ኢሜጁ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ነው። የአፕል ቺፕ ባለው ማክ ላይ ያለ ቪኤም ኤአርኤም ነው፣ ሥራ ባልደረባችሁ የገፋው ኢሜጅ ኤኤምዲ64 ከሆነ አይነሳም። «ዶከር ኢሜጅ ኢንስፔክት» አርክቴክቸሩን ይነግራችኋል። ለጊዜው በኪውኢሙ ማስመሰል ይቻላል፣ ቀርፋፋ ነው። ኢሜጁን በቢልድኤክስ ለሁለቱም ፕሮሰሰር መሥራት ነው ትክክለኛው።

ሰዓቱን እዩ

ላፕቶፑን ዘግታችሁ አድራችሁ ጠዋት ስትከፍቱት ኢሜጅ ማውረድ እምቢ ካለና ስለ ሰርተፍኬት ካወራ «ዴት» በሉ። ቪኤሙ ትናንት ማታ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ኮንቴነሮች ሰዓታቸውን ከቪኤሙ ከርነል ነው የሚወስዱት፣ ስለዚህ ሁሉም አብረው ተሳስተዋል። ሰዓት አስተካካዩን «ክሮኒ» ጫኑና «ክሮኒሲ ሜክስቴፕ» በሉ፣ ወዲያው ይዘላል። ደብሊውኤስኤል 2 ላይ ከሆነ «ደብሊውኤስኤል --ሸትዳውን» ብሎ መመለስ ይበቃል።

ይሄን ሁሉ አልፋችሁ ቪኤሙን ደግማችሁ ለመሥራት ከወሰናችሁ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት «ዶከር ቮልዩም ኤልኤስ» በሉ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለው ነገር ጊት ላይ የለም። ኮንቴነሩን አቁማችሁ፣ ቮልዩሙን ትንሽ የአልፓይን ኮንቴነር ላይ ማውንት አድርጋችሁ፣ በታር ወደ አንድ ፋይል ጠቅልሉትና በኤስሲፒ ወደ ሆስቱ አውጡት። ታሩን አንዴ ከፍታችሁ ውስጡ ፋይል መኖሩን ካያችሁ በኋላ ቪኤሙን አጥፉ።